ጎመን በጤና፦ ከጊች ወደ ደባርቅ የወረደው ጓሮ

“ጎመን በጤና” ይላል ያገራችን ሰው። ሥጋ ጠልቶ አይደለም፤ ከነገርና ከጭቅጭቅ ጋር ከሚመጣ ፍሪዳ ይልቅ ከጓሮ ተቀንጥሶ በሰላም የሚበላ ጎመን ይሻላል ማለቱ ነው። ነገር ግን ጎመኑን ራሱን ውርጭ ሲያቃጥለው፣ ክሽክሽ ሲወርረው፣ የተረፈውን ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ስትጭረው “በጤና” የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ያየሁት አንድ ጓሮ ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸው 70ን የተሻገረ፣ ተወልደው ያደጉት ጊች የሆነ አዛውንት ናቸው። ጓሮው ከአንድ ሰፋ ያለ ሳሎን አይበልጥም። በአንድ ወገን ድንች፣ በሌላው ነጭ ሽንኩርት፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ የአበሻ ጎመን ይዟል። እኔ ስደርስ ሰውዬው ጎንበስ ብለው የጎመኑን ቅጠል እየገለበጡ፣ ከሥሩ የተጣበቀውን አመድ መሳይ ጥቃቅን ተባይ በጣታቸው ይጨፈልቁ ነበር።

“አባት፣ ላይ እያላችሁ ይሄ ነገር ያስቸግራችሁ ነበር?” አልኳቸው።

“ላይማ የሚያስቸግረን ብርዱ ነው የኔ ጌታ። ትሉን ብርዱ ራሱ ይጨርስልን ነበር። እዚህ ብርዱ ቀለል አለልንና ትሉን ተቀበልነው” አሉኝ።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁንና አዲስ አበባ ያለችኝን ትንሽ ጓሮ ይዤ ለዓመታት ስታገል ያልገባኝን ነገር እኚህ አዛውንት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱኝ። ብርድ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዘበኛም ነው። ጓሮ የሚያለማ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት የሚኖርበት ከፍታ ከሁለቱ ጠላቶች የትኛውን እንደሚያበረታበት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

ጊች የት ነበረች?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ዳባትን አልፈው ደባርቅ ይደርሳሉ። ከደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ጊች በፓርኩ ውስጥ፣ እሜት ጎጎ ከሚባለው ገደላማ አፋፍ ብዙም ሳትርቅ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረች መንደር ናት።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የሰፈራውና የእርሻው መስፋፋት ተደምረው “አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች” መዝገብ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የጊች አባወራዎች የቤት መሥሪያ ቦታና ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ቅርሱ ከአደጋ ወጣ። ገበሬው ግን በአንድ ጊዜ ከተሜ ሆነ፤ ከማሳው ቀርቶ የደረሰው ጓሮ ነው።

ለጊች ሰው ዋናው እህል ገብስ ነበር። ምርጫ ስለሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ የነበረውና ስለ ሰሜን ተራሮች አፈርና አየር ብዙ የጻፈው ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ጊች ላይ ባደረገው ልኬት፣ የቦታው አማካይ ሙቀት 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የዓመቱ ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ አብዛኛው ግን በክረምት ወራት የሚወርድ ነው። ከ3,700 ሜትር በላይ ገብስም እጁን ይሰጣል። እንግዲህ ጊች የእርሻ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የቆመች መንደር ነበረች ማለት ነው።

ከፍታህን እወቅ

ያገራችን ገበሬ አየሩን በከፍታ ከፋፍሎ ከሰየመ ቆይቷል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋን ሁላችንም እናውቃለን። ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን ደግሞ “ውርጭ” ብሎ በጠላቱ ስም ጠርቶታል። ጊች ውርጭ ናት። 2,800 ሜትር አካባቢ ያለችው ደባርቅ ደጋ ናት። እንጦጦ ሥር ቤት የሠራው የአዲስ አበባ ሰውም ከደባርቅ ሰው ጋር በአንድ ደጋ ይኖራል፤ የጊች ሰዎች ጣጣ የእርሱም ጣጣ ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ ልንገራችሁ። 100 ሜትር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከደባርቅ እስከ ጊች ያለው የ800 ሜትር ልዩነት ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። ከአቃቂ እስከ እንጦጦ አናት ያለውም ልዩነት ከዚህ አያንስም። ስለዚህ ጉለሌ ያለ ሰው አቃቂ ያለ ወዳጁ “በኅዳር ቲማቲም ተክዬ በላሁ” ስላለው ብቻ ቲማቲም ቢተክል፣ ታኅሣሥ ላይ የሚያገኘው የጠቆረ ግንድ ነው። ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ ይኑሩ እንጂ በአንድ አየር አይኖሩም።

የዚህ ሒሳብ ሌላው ገጽታ ተባይ ነው። ክሽክሽ ወንድ ሳትፈልግ፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ በሕይወት ያለ ልጅ የምትወልድ ፍጥረት ናት። ሙቀት ሲያገኝ ልጇ በአንድ ሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳል። ብርድ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ይዘገያል፤ ጠንካራ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ብዙው ያልቃል። 5 ዲግሪ ወደ ታች የወረደ ገበሬ ውርጩን ሲቀንስ ተባዩን ያበዛል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም አየር እየሞቀ በሄደ መጠን ደግሞ ሰው ባይወርድም ተባዩ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። አያቶቻችን በደጋው ያላዩትን ትል ልጆቻችን እዚያው ሊያዩት ነው።

ውርጭ እንዴት ይመጣል? እንዴትስ ይመለሳል?

ውርጭ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲልና ነፋስ ሲያርፍ፣ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ይይዘው ነበር። መሬት ስትቀዘቅዝ በላይዋ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ልክ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝም ይተኛል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ቅጠሉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ላይ የተቀቀለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው መላውን ራሱ ያገኘዋል።

አንደኛ፣ ቦታ። ከግቢው ዝቅ ያለውን ጥግ ለውርጭ ልጅ ለድንችና ለባቄላ አትስጡት። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነና ከታች በኩል ድፍን የግንብ አጥር ካለ፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ኩሬ እዚያ ይጠራቀማል። በአጥሩ ሥር ክፍተት ቢተውለት ሹልክ ብሎ ይወጣል። የድንጋይ ካብ ግን ቀን የሞቀውን ሌሊት ስለሚመልስ፣ ከካብ አጠገብ ያለ ተክል ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ ውሃ። ውርጭ የሚያሰጋ ዕለት ከሰዓት በኋላ አፈሩን ማጠጣት ይጠቅማል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊቱንም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ነው ማጠጣት።

ሦስተኛ፣ ልብስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በገለባ፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ መሸፈን፣ ጠዋት አየሩ ሲሞቅ መግለጥ። ላስቲክ የምትጠቀሙ ከሆነ በእንጨት ከፍ አድርጉት፤ ላስቲክ ቅጠል ከነካ፣ የነካበት ቦታ ይቃጠላል።

አራተኛና ዋነኛው፣ ጊዜ ነው። ውርጭን በመከላከል ከሚተርፈው፣ በሰዓቱ ባለመገኘት የሚተርፈው ይበልጣል። ወደዚህ ስለ ድንች ስናወራ እንመለሳለን።

ያልታመነ ዝናብ

“ክረምቱ ዘገየ”፣ “በረዶው ቀደመ”፣ “መስከረም ሳይጠባ ቆመ” የሚሉ ቃላት በደጋው የተለመዱ ናቸው። የሰማዩን ጠባይ መለወጥ አይቻልም። በአንድ ቀን ውርርድ ሁሉንም አለማስያዝ ግን ይቻላል። ዘራችሁን ለሦስት ክፈሉት። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ዝሩ። በረዶ አንዱን ቢወቅጠው ሁለቱ ይቀራሉ። ሁሉም ቢተርፉ ደግሞ ጎመኑ በአንድ ሳምንት ሁሉ ደርሶ ለጎረቤት ከማደል ትድናላችሁ።

በክረምት ውሃ እንዳይተኛባቸው ተክሎቹን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግ፣ በበጋ ደግሞ በመደቡ ላይ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። ጉዝጓዙ እርጥበቱን ይይዛል፤ አፈሩንም ከዶፍ ይከላከላል። ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ እርከን ሳይሠራለት ከተቆፈረ፣ አፈሩ በጥቂት ክረምቶች ተጠርጎ ያልቃል። ጊች ላይ በየዓመቱ እየታጠበ ሲሄድ የታየው ይኸው አፈር ነው።

ጣራችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ጉድጓድ ውሃ አላችሁ ማለት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ጥሩ ዝናብ ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ይሞላል። በመስከረም መጨረሻ የሞላ በርሜል የጥቅምቱን ነጭ ሽንኩርት ሥር ያስይዛል።

በረዶ ከመታው በኋላስ? አትንቀሉ። የተቀደደውን ቅጠል ቆርጣችሁ አፈሩን ኮትኩቱ፤ ፍግ ጨምሩለት። የአበሻ ጎመን ልቡ ካልተነካ እንደገና ያቆጠቁጣል። ገና ልጅ የሆነ ድንችም እንዲሁ ነው።

ምን ይተከል?

ድንች። ድንች ለአገራችን እንግዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ሺምፐር በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግራይና በሰሜን የኖረ ሰው ነው። እንግዳው ግን ቶሎ ለመደ፤ በ90 እና በ120 ቀናት መካከል ስለሚደርስም የደጋው ሰው የችግር ቀን ጓደኛ ሆነ።

የድንች ክፉ ጠላት ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ገበሬው ብዙ ጊዜ “ምች መታው” እያለ የሚያልፈው በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ይጠቁራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳው በእሳት የተለበለበ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የፈጀ ረሃብ ውስጥ የከተታት ይኸው በሽታ ነው። የሚወደው ቀዝቀዝ ያለና ርጥብ አየር ነው፤ የእኛ የደጋ ክረምት ማለት ነው።

እንግዲህ ድንች በሁለት እሳት መሀል ነው። በክረምት በሽታው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ። በመሀል የቀረው በር ጠባብ ቢሆንም አለ። ማጠጫ ውሃ ያለው ሰው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ቢተክል፣ ቡቃያው ሲወጣ ከባዱ ውርጭ አልፏል፤ ክረምቱ ሳይጠነክርም በግንቦት ያወጣዋል። በክረምት መትከል ግድ ከሆነ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ ይገባል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጉደኔ እና በ2009 ያወጣው በለጠ በዚህ ረገድ ስማቸው የተጠራ ነው። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ማራራቅ ነፋስ እንዲዘዋወር ያደርጋል። ሲያድግ አፈር ማስታቀፍ ደግሞ ፍሬውን ከፀሐይም ከበሽታውም ይሸሽገዋል። የታመመውን ቅጠል ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት። ከታመመ ተክል ዘር አታስቀሩ።

ነጭ ሽንኩርት። ብርድን ወዳጅ ካደረጉ ተክሎች አንዱ ነው። ብርድ ካልነካው ፍልቃቂው በወጉ አይከፋፈልም። ፍልቃቂዎቹን ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቶ የሚያበሰብሰው በሽታ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሻጋታ ያለበትን ዘር አለመግዛት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትን በአንድ መደብ ላይ እያከታተሉ አለመትከል ነው።

የአበሻ ጎመን። የደጋ ጓሮ አለኝታ ነው። ቀለል ያለ ውርጭ አይገድለውም፤ እንዲያውም የጎመን ዘሮች ብርድ ሲነካቸው በቅጠላቸው ስኳር ስለሚያጠራቅሙ ይጣፍጣሉ። ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠሱ ልቡን ከተዉለት ለወራት ያበላል። ዘሩንም ራሱ ይሰጣል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣም በደጋ ይሆናሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ከካብ ሥር፣ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ከእነ ጣጣቸው የሚያድጉ እንግዶች መሆናቸውን ቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

ትንንሾቹ ሌቦች

ክሽክሽን ጠዋት ጠዋት ቅጠል ገልብጦ ማየት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሲጀምር በጣት ይጨፈለቃል። ሲበዛ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ይገድለዋል። ኃይለኛ የልብስ ኦሞ ቅጠል ያቃጥላልና ተዉት። ጀርባዋ ቀይ፣ ነጥቧ ጥቁር የሆነችውን ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኳት፤ እርሷም ልጆቿም የሚበሉት ክሽክሽ ነው።

ቆራጭ ትል ቀን አፈር ውስጥ ተኝቶ፣ ሌሊት ችግኙን ከአንገቱ ቆርጦ ይጥላል። ጠዋት የወደቀ ችግኝ ካያችሁ በዙሪያው ሁለት ጣት ያህል ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ከላይና ከታች የተከፈተ ቆርቆሮ ወይም የወረቀት ቀለበት በችግኙ አንገት ዙሪያ መሬት ውስጥ ብታስገቡ አያልፍም።

ጎመንን እንደ ወንፊት የሚበሳሳው ትንሽ አረንጓዴ ትል የአንዲት የእሳት ራት ልጅ ነው። ይህ ትል በመርዝ ላይ የታወቀ አመፀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ላይ ዲዲቲን ተላመደ፤ ከዚያ ወዲህም የመጣውን መርዝ ሁሉ በየተራ ተላምዷል። ጎመኑን በየዓመቱ አንድ ቦታ አለመትከል፣ ያረጀውን ግንድ ነቅሎ ማስወገድ፣ ትሉን መልቀም ከመርዝ ይሻላል።

በመርዝ ነገር እኔም የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። ከዓመታት በፊት ጎመኔን ክሽክሽ ወርሮት ከአንድ ሱቅ ስሙም፣ መጠኑም፣ ጊዜውም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጩ “ይሄ የማይገድለው የለም” አለኝ። እውነቱን ነበር፤ በማግስቱ መደቡ ላይ የሞቱ ንቦች ለቀምኩ። ክሽክሹ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ መደንገጉን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ሕግ ማወቅና ሕግ መኖር ለየቅል ናቸው። ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ካያችሁ አትግዙ፤ ጎመኑን የሚበላው ልጃችሁ ነው።

ትልልቆቹ ሌቦች

ላይ፣ ጊች፣ ሌባው ጭላዳ ነበር። ጭላዳ ዋነኛ ምግቡ ሣር ቢሆንም ገብስ ሲደርስ ማሳ ውስጥ መግባቱን አይተውም። ማታ ወደ ገደል ወርዶ ስለሚያድር የቀን ሌባ ነው፤ ጃርት ደግሞ የሌሊቱን ፈረቃ ይይዛል፤ ድንችም ይቆፍራል። ጭላዳን መግደል በሕግ ክልክል ነው። መጠበቅ ግን ግዴታ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ልጅ ማሳ ሲጠብቅ ትምህርት ቤት ይቀራል። ከጊች መውረድ ያመጣውን ጥቅም ስንቆጥር ይህን አለመቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከተማ ስንወርድ ሌባው የጎረቤት ፍየልና ዶሮ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ለሦስት እግር ጎመን ብሎ ጎረቤቱን የሚከስስ ሰው “ጎመን በጤና” የሚለውን አልሰማም ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አጥሩን በጋራ ማጠር ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ይረክሳል።

ደረሰኝ የሌለው ጎመን

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የጊች ሰዎች ሲነሱ በሥራ ላይ የነበረው የካሳ ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ሕጉ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ካለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። መሻሻሉ አይካድም። ሁለቱም ግን የሚያባዙት ገቢን ነው። ከጓሮ ወደ ምንቸት የገባ ጎመን ገበያ አልወጣም፤ አልተመዘነም፤ ደረሰኝ የለውም። ዜሮን በ10 ብታባዙት ዜሮ፣ በ15ም ብታባዙት ዜሮ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ከዚህ ሰፋ ያለ ነገር ይናገራል። በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ካሳ፣ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። እኔ “ኑሮ” የሚለውን ቃል ስተረጉመው ጓሮም ይገባበታል። ገበሬን ወደ ከተማ ስናወርድ የቤት መሥሪያ ቦታውን ስንለካ የመደቡን ቦታ፣ ቧንቧ ስንዘረጋ የማጠጫውን ውሃ፣ የጤና ባለሙያ ስንመድብ ለደጋ ጓሮ የሚሆን ዘርና ምክር የያዘ የግብርና ባለሙያም ማሰብ ይገባል። ገንዘብ ያልቃል። የያዘውን ጎመን እያባዛ የሚበላ ሰው ግን ቢያንስ ወጥ አያጣም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደርሶ በነበረበት ጊዜ፣ በገበያ ብቻ የሚኖር ሰው ምን ያህል ባዶ እጁን እንደሚቀር አካባቢው በዓይኑ አይቶታል።

የክረምቱን ማለቅ የምናበስርበት አንድ ጥንታዊ አባባል አለን፤ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” እንላለን። አዲሱ እህል ሲደርስ ጎመኑን በንቀት እናባርረዋለን። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ አዝመራ ሳይደርስ፣ ቤተሰቡን አሻግሮ እዚህ ያደረሰው ያ የተባረረው ምንቸት ነው።

ደባርቅ ያሉት አዛውንት ስሰናበታቸው አንድ እፍኝ የጎመን ዘር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ከጊች ይዘውት የወረዱት ዘር ልጅ ልጅ መሆኑን ነገሩኝ። እኔም ለሦስት ከፈልኩት። አንዱ ተዘርቶ በቅሏል፤ ሁለተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እዘራዋለሁ፤ ሦስተኛውን ሰማዩን አይቼ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጥኩ ነው።

ጎመን በጤና ይስጠን። ቸር እንሰንብት።